ከመለጠፋችሁ በፊት ስለ መንቀሉ አስቡ

(ይህ ጽሑፍ ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎችና ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። በእጄ ይዤ ያሳየኋቸውን ነገሮች እዚህ በቃላት ለመግለጽ ሞክሬያለሁ።)

እንደምን አላችሁ። የምጀምረው በዚህ በእጄ በያዝኩት ቁራጭ ብረት ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁ ላይታያችሁ ስለሚችል ልግለጸው። ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ ነው፤ የቺፕን ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚያሰራጭ ማለት ነው። ስገለብጠው ከሥሩ አንድ ጥቁር ቺፕ ተጣብቆ ይታያል። በቺፑ ሆድ ላይ በሰልፍ የቆሙ ጥቃቅን የብየዳ ጠብታዎች አሉ። አንዳንዶቹ ጠብታዎች ጫፋቸው ላይ ክብ የመዳብ ነጥብ ይዘዋል። እነዚያ ነጥቦች መገኘት የነበረባቸው ሰርኪት ቦርዱ ላይ ነበር። ቺፑ ሲነሣ የቦርዱን ቆዳ ገፎ ይዞ ወጣ።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቺፑ ምንም አልሆነም ነበር። የተበላሸው ከአጠገቡ ያለ አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ሲሆን፣ ሂት ሲንኩ ከቺፑ ጠርዝ አልፎ ስለ ሸፈነው ማንሣት ነበረብኝ። ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብቼ፣ ቦርዱን መደገፊያ አድርጌ፣ ፈልቀቅ አደረግሁት። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ማጣበቂያው የለቀቀ መስሎኝ ለአፍታ ደስ አለኝ። ማጣበቂያው ግን ንቅንቅ አላለም፤ የለቀቀው ቦርዱ ነው። ጥቂት ሳንቲም የማያወጣ ካፓሲተር ለመቀየር ብዬ ሙሉ ቦርድ ጣልኩ። ይባስ ብሎ ሂት ሲንኩን ከሁለት ዓመት በፊት የለጠፈው ሰው እኔው ነበርኩ። "እንዳይወድቅ ጠንከር ያለው ይሁን" ብዬ በገዛ እጄ የመረጥኩት ኤፖክሲ፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ማጣበቂያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማጣበቂያ ስናወራ ጥያቄው "የትኛው አጥብቆ ይይዛል?" አይደለም። አጥብቆ የሚይዝ ማጣበቂያ ሞልቷል። የእኔ ጥያቄ፣ ሙቀቱን በበቂ ሁኔታ የሚያሳልፍ፣ ሂት ሲንኩን የማይጥል፣ ስንፈልግ ደግሞ ቺፑንም ቦርዱንም ሳይጎዳ የሚለቅ የትኛው ነው የሚል ነው። ብዙ ሰው ሦስተኛውን የሚያስታውሰው እኔ ባስታወስኩበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ማጣበቂያው ምን እንደሚሠራ እንይ። የቺፕ ጀርባና የሂት ሲንክ ሆድ በዓይን ሲታዩ ልሙጥ ናቸው። ጥፍራችሁን ብታሳልፉባቸው አይከረክርም። በማጉያ መነጽር ሲታዩ ግን ሁለቱም ኮረብታና ሸለቆ ናቸው። ሲጋጠሙ የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ብቻ ነው፤ በመካከል የቀረው ቦታ አየር ይሞላዋል። አየር ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ረገድ ከንቱ ነው። የአሉሚኒየም ሙቀት የማሳለፍ አቅም በሜትርና በዲግሪ ሲሰላ 200 ዋት አካባቢ፣ የመዳብ 400 አካባቢ ነው። የአየር 0.026 ነው። ኤፖክሲም ሆነ ሲሊኮን የሚባለው ላስቲክ መሰል ማጣበቂያ ያለ ጭማሪ ብቻውን ከ0.2 ብዙም አይበልጥም። ይህ ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም ከአየር ግን ስምንት እጥፍ ያህል ይሻላል። አምራቾች የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ የቦሮን ናይትራይድ ወይም የብር ዱቄት ሲቀላቅሉበት ወደ 1፣ ወደ 2፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። በነገራችን ላይ በብር ዱቄት የተሞላው ማጣበቂያ ኤሌክትሪክም ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ከቺፑ ጎን ፈስሶ ሁለት እግር ካገናኘ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ይህን ሒሳብ የማይሠራ ሰው ግን ማጣበቂያ የሚገዛው ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር ተማርኮ ነው።

አንድ የማጣበቂያ ንጣፍ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያግድ ለማወቅ ውፍረቱን በስፋቱና ሙቀት በማሳለፍ አቅሙ ማካፈል ነው። የሚገኘው ውጤት፣ በንጣፉ ውስጥ አንድ ዋት ሙቀት ሲያልፍ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ስንት ዲግሪ ልዩነት እንደሚፈጠር ይነግረናል። ጎኖቹ 20 ሚሊሜትር የሆኑ አራት ማዕዘን ቺፕ እንውሰድ። በላዩ ላይ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 0.6 የሆነ ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ብንለጥፍ በእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ ያህል ያስከፍለናል። 0.1 ሚሊሜትር የሆነ፣ አቅሙ 1 የሆነ ኤፖክሲ ብናደርግ 0.25 ዲግሪ ነው። ማጣበቂያ ያልሆነው ተራ ቴርማል ፔስት (ክፍተቱን ሞልቶ ሙቀት የሚያሳልፍ የማይደርቅ ቅባት)፣ በ0.05 ሚሊሜትር ውፍረትና በ4 አቅም፣ 0.03 ዲግሪ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብንቆም ቴፑ የተሸነፈ ይመስላል። ከፔስቱ በሠላሳ እጥፍ የባሰ ነው! ብዙ ክርክር የሚያልቀውም እዚህ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ማጣበቂያውን አልፎ ጉዞው አላበቃም፤ ከሂት ሲንኩ ወደ አየር መውጣት አለበት። ይህን የሚያህል ትንሽ ሂት ሲንክ፣ ማራገቢያ በሌለበት በረጋ አየር ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ዋት 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ቺፑ 2 ዋት ያመነጫል እንበል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር 35 ዲግሪ ነው። ሂት ሲንኩ ሥር 75 ዲግሪ ይደርሳል። በቴፕ ከተለጠፈ የቺፑ ጀርባ 77 ይሆናል፤ በኤፖክሲ ከተለጠፈ 75 ተኩል። እኔ ቦርድ የገደልኩት ለዚህች ለአንድ ዲግሪ ተኩል ነው።

ሳጥኑ ላይ አንድ ቀዳዳ ብከፍት ወይም አነስተኛ ማራገቢያ ብጨምር ኖሮ የሂት ሲንኩ ድርሻ በግማሽ ሊቀንስ ይችል ነበር፤ ይህም በ2 ዋት 20 ዲግሪ ነው። ጎርፉ የሚያልፈው በአየሩ በኩል ሆኖ ሳለ እኛ የምንጨቃጨቀው ስለ ማጣበቂያው ነው።

ይህ ሒሳብ ግን ተቃራኒውን የሚያሳይበትም ጊዜ አለ፤ እሱንም ልንገራችሁ። ቺፑ 30 ዋት የሚያመነጭ፣ ጎኑ 30 ሚሊሜትር የሆነ፣ ትልቅ ሂት ሲንክና ማራገቢያ የተገጠመለት ቢሆን፣ ያው ቴፕ ለብቻው 14 ዲግሪ ይበላል። ፔስቱ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ቴፕ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ እውነቱን ለመናገር ማንኛውም ማጣበቂያ አይታሰብም። እንዲህ ያለ ቺፕ የሚፈልገው ፔስትና በስፕሪንግ የሚጫን ማያያዣ ነው። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፦ አንዳንድ ቺፖች የፕላስቲክ ወይም የብረት ክዳን የላቸውም፤ መስታወት የመሰለው የሲሊከን ገላቸው (ሲሊከን ቺፑ የተሠራበት ቁስ ነው፤ ከሲሊኮን ማጣበቂያ ጋር አይምታታባችሁ) መሐል ላይ በግልጽ ይታያል። ጎኑ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ስፋቱ ከመጀመሪያው ባለ 20 ሚሊሜትር ምሳሌያችን ሩብ ነውና የቴፑ ዋጋ በእያንዳንዱ ዋት ከ4 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከዚያም በላይ ሂት ሲንኩ ሲንቀሳቀስ የሲሊከኑን ጠርዝ ይሸርፈዋል።

እንግዲህ ማጣበቂያ የሚባለው ነገር ቦታው የት እንደሆነ ለያችሁ። ጥቂት ዋት የሚያመነጩ፣ ክዳን ያላቸው፣ በአጠገባቸው የማያያዣ ቀዳዳ ያልተበጀላቸው ቺፖች ናቸው። ኔትወርክ መሣሪያዎች ውስጥ፣ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በስክሪን ካርድ ሜሞሪዎች ላይ፣ በቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎች ላይ የምናገኛቸው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ እነዚህ ብቻ ነው።

እንዲህ ላለው ሥራ እኔ የማስቀድመው ቴፑን ነው። አክሪሊክ ሙጫ ያለው፣ ሙቀት እንዲያሳልፍ ዱቄት የተሞላ፣ በሁለቱም ገጹ የሚለጥፍ ቴፕ። ከቢሮ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ይህን አይተካም፤ እሱ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ሂት ሲንክ ሳይሆን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። ትክክለኛው ቴፕ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ አይፈስም፣ ውፍረቱ የታወቀ ነው፣ መድረቂያ ጊዜ ጠብቁ አይልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል።

ሰዎች ቴፕን የሚያሙት "ይወድቃል" እያሉ ነው። አዎ፣ የወደቀ አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የለጣፊው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። እስቲ ክብደቱን አስቡት፦ ሂት ሲንኩ 10 ግራም ነው። በአንጻሩ የእኔ ኤፖክሲ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 10 ኒውተን ያህል የሚይዝ ነበር፤ በ400 ካሬ ሚሊሜትር ሲባዛ 4,000 ኒውተን፣ የ400 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። አሥር ግራም ብረት ለመያዝ በሬ የሚያነሣ ማጣበቂያ! ቴፕ ከዚያ እጅግ የደከመ ሆኖም ለ10 ግራም ከበቂ በላይ ነው፤ ቦርዱ በቁሙ ቢቆም ወይም ተገልብጦ ቢሰቀልም። የሚያሰጋው ንዝረትና ድንገተኛ ምት ነው። መሣሪያው መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ ወይም ሂት ሲንኩ ረጅምና አናቱ የከበደ ከሆነ እዚያ ቴፕን ብቻውን አላምነውም።

ሲለጠፍ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ መቸኮል። የፕላስቲክ ቺፕ ጀርባ ሲታይ ንጹሕ ቢመስልም ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ የቀረ ሰም፣ የጣት ቅባት፣ አቧራ አለበት። አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ ጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ሌላ እየቀየራችሁ። ከዚያ ወዲያ በጣት አይነካም። ቴፑን መጀመሪያ ሂት ሲንኩ ላይ አድርጉት፤ ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ሌላው እየተጫናችሁ፣ አየር ከሥሩ እንዳይቀር። ከዚያ ቺፑ ላይ አሳርፉትና ተጫኑት። መጫን ስል መታ መታ ማድረግ ማለቴ አይደለም። እነዚህ ቴፖች የሚፈልጉት ግፊት 100 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በእኛ ቺፕ ላይ ይህ 4 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። አውራ ጣታችሁን አቀባዊ አድርጋችሁ፣ ክንፎቹን ሳታጣምሙ፣ ለጥቂት ሰከንዶች አጥብቃችሁ ያዙ። ቦርዱ እንዳይጎብጥ ከሥሩ መደገፊያ ይኑር፤ ያለ መደገፊያ 4 ኪሎ የተጫነ ቦርድ የብየዳ ጠብታዎቹን ይሰነጥቃል።

ከዚያ ደግሞ ተዉት። የአክሪሊክ ሙጫ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ቀስ እያለ ወደ ሸለቆዎቹ ይገባል። በተለመደው የክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ ከሙሉ ጉልበቱ ግማሹን ያህል፣ ከአንድ ቀን በኋላ አብዛኛውን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉውን ይይዛል። በለጠፈ በአምስት ደቂቃው ክንፉን ይዞ ወዝወዝ እያደረገ "አልያዘም" የሚል ተማሪ ነበረኝ። አልያዘም ነበር፣ እውነቱን ነው።

ሲሊኮን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ እኔ እንኳ ብዙ አልወደውም፣ ነገር ግን የሚበልጥበት ቦታ አለ። ሲደርቅ ላስቲክ ይሆናል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከሴራሚክ በሦስት እጥፍ ይለጠጣል። 40 ሚሊሜትር የሆነ ሂት ሲንክ 60 ዲግሪ ሲጨምር በ0.055 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው የሴራሚክ ክዳን በ0.017 ብቻ። ልዩነቱ ከጸጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ግን መሣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይደገማል። ግትር ማጣበቂያ ይህን ሁሉ በውስጡ አምቆ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ላስቲክ ግን አብሮ ይለጠጣል። ንዝረት ባለበትም ቦታ እንዲሁ ነው። ለመንቀል ሲፈለግ ቀጭን ክር ወይም ምላጭ በመካከሉ ይገባል።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው ባለ አንድ ቱቦ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። እርጥበቱ የሚገባው በጠርዝ በኩል ስለሆነ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ወደ መሐል ይሄዳል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። በሰፊ ቺፕ ላይ ጠርዙ ደርቆ መሐሉ ለቀናት እርጥብ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠውን ዓይነት ወደ ኤሌክትሮኒክስ አታስጠጉት። የሸተታችሁ አሴቲክ አሲድ ነው፤ መዳብ ይበላል። ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የተሠራው አሲድ የማይለቅ ነው። ሦስተኛም ልጨምር፤ ሁለት ነው ብዬ ነበር። ሲሊኮን አንድ ጊዜ የነካው ገጽ ላይ ከሲሊኮን በቀር ሌላ ነገር አልለጠፍ ይላል። አልኮል አያጠራውም። ከሲሊኮን ወደ ቴፕ መመለስ የፈለገ ሰው መፋቅ አለበት።

አሁን ወደ ብልሃቶቹ። በዚህ ሙያ የቆያችሁ ሁለቱን ሳትሰሙ አትቀሩም። አንደኛው ሁለት ቱቦ ያለውን የሙቀት ኤፖክሲ ከተራ ቴርማል ፔስት ጋር ቀላቅሎ ማዳከም ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ፔስቱ የማይደርቅ ዘይት ስለሆነ ኤፖክሲው እንደ ድንጋይ ሳይሆን እንደ ደረቅ ጭቃ ይይዛል፣ ሲጠመዘዝ ይለቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ሠርቶልኛል፣ አንድ ጊዜም ከድቶኛል። መጠኑ ጥቂት ሲዛባ ወይ ጭራሽ አይደርቅም ወይ እንደ ቀድሞው ጠንካራ ይሆናል፤ የአንዱ አምራች ፔስት ከሌላው አምራች ኤፖክሲ ጋር እንዴት እንደሚሆን ቀድሞ መናገር አይቻልም። የግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ በተጣለ ቦርድ ላይ ሞክሩት፤ አንድ ቀን አቆዩት፤ ከዚያ ንቀሉት። በተጣለው ቦርድ ላይ ያልነቀለ ሰው በደህናው ላይ አይቀላቅል።

ሁለተኛው መሐሉን ቴርማል ፔስት ቀብቶ አራቱን ማዕዘን በሱፐር ግሉ ጠብታ ማያያዝ ነው። በሙቀት ረገድ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ገጽ ፔስት ነውና። ሱፐር ግሉ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ይለቃል፤ አሴቶንም ያሟሟዋል። ተራው ዓይነት ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይህ ደግሞ ሂት ሲንኩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ፔስቱ ወደ ማዕዘኑ ጥቂት ከፈሰሰ ጠብታው የሚይዘው ዘይት ላይ ይሆናል። አሴቶን ደግሞ አንዳንድ የፕላስቲክ ማገናኛዎችን ስለሚያቀልጥ ቦርድ ላይ የሚፈስ ነገር አይደለም፤ በጥጥ ነክሮ ነጥቡን ብቻ ነው።

ኤፖክሲ ብቻውን? ለዘላለም መለጠፍ ስትፈልጉ። ከዚያ በላይ አልናገርም፤ ይህ በእጄ ያለው ቁራጭ ይናገር።

ወደ መንቀሉ ልምጣ፤ ለዚህ ነው የተሰበሰብነው። ሂት ሲንክን ለማንሣት ሁለት መንገድ አለ፦ መፈልቀቅና መጠምዘዝ። ስንፈለቅቅ አንድ ጠርዝ ብቻ ይነሣል። ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ጠርዝ ባለችው አንዲት የብየዳ ጠብታዎች ረድፍ ላይ ነው። አንደኛዋ ረድፍ ስትለቅ ቀጣይዋ ብቻዋን ትቀራለች፤ ልክ እንደ ዚፕ ይከፈታል። ስንጠመዝዝ ግን ሁሉም ጠብታ አንድ ላይ ይሸከማል፤ የደከመው ማጣበቂያ ከሆነ እሱ ይለቃል። ስለዚህ ካቻቪቴውን አስቀምጡ። ሂት ሲንኩን ግራና ቀኙን በፒንሳ ያዙ፤ ጨርቅ አልብሳችሁ፣ ፒንሳው ቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች እንዳይነካ ከፍ አድርጋችሁ። ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ቀኝ ጥቂት። ኃይል ሳይሆን ጊዜ ስጡት።

ቴፕ ከሆነ መጀመሪያ አሙቁት። መሣሪያው የሚሠራ ከሆነ አሥር ደቂቃ ከፍታችሁ በራሱ ሙቀት አሙቁትና ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፤ ካልሆነም የጸጉር ማድረቂያ ይበቃል። 60 ወይም 70 ዲግሪ ሲደርስ ሙጫው ይለሰልሳል። የብየዳ ማቅለጫ ሙቀት አያስፈልግም፤ እርሳስ የሌለው ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ፣ የድሮው ባለ እርሳስ 183 ስለሆነ፣ ገና ሩቅ ነን። ሞቆ ሳለ ጠምዝዛችሁ በአንድ አቅጣጫ ግፊቱን ሳትለቁ ጠብቁ። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ ከጣታችሁ ሥር እንደ ማስቲካ ሳብ እያለ መዞር ሲጀምር ይሰማችኋል። ያን ጊዜ አትፍጠኑ፤ በጀመረበት ፍጥነት ይጨርስ። እንቢ ካለ የጥርስ ማጽጃ ክር በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ በቺፑና በሂት ሲንኩ መካከል እንደ መጋዝ ሳቡት። አንድ ጠብታ አልኮል በጠርዙ ብታስገቡ ክሩ ይቀልለዋል።

ኤፖክሲ ደግሞ ተቃራኒውን ይወዳል። ሌላ ሰው በኤፖክሲ የለጠፈው ከደረሰባችሁ፣ ቦርዱን በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ፣ ለጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ኤፖክሲው ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙም ከቺፑ ይበልጥ ስለሚኮማተር መገናኛው ላይ ውጥረት ይፈጠራል። እንዳወጣችሁት ወዲያው ጠምዝዙ። አንዳንዴ ጧ ብሎ ይለቃል። አንዳንዴ አይለቅም፤ ያን ጊዜ ቦርዱን ማትረፍ ከፈለጋችሁ ሂት ሲንኩን መተው ነው። ከበረዶ የወጣ ቦርድ ላይ ጤዛ ስለሚያርፍ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም።

ስለ አዳዲሶቹ ቁሳቁሶች ትጠይቁኝ ይሆናል። ሲሞቅ የሚፈታ ማጣበቂያ የመሥራት ሐሳብ አለ። ኦቶ ዲልስና ኩርት አልደር በ1928 ያሳተሙት፣ በ1950 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ኬሚካዊ ውህደት አለ፤ ሁለት ሞለኪውሎች ሲቀዘቅዙ ይቆላለፋሉ፣ ሲሞቁ ይላቀቃሉ። በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን ተጠቅመው ከ90 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚለቅ ኤፖክሲ ሠርተዋል። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን እኛ የምንለጥፍበት ቺፕ ራሱ 80ና 90 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ፣ የመልቀቂያው ቁልፍ በሥራ ሰዓት እንዳይዞር መጠንቀቅ ይገባል።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እህት የነቀልነውን ቴፕ መልሰን መለጠፍ እንችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይቻልም። አንዴ የተጠመዘዘ ቴፕ ተጨማድዷል፣ አየር ይዟል፣ አቧራ ጠጥቷል። ቀሪውን በአውራ ጣታችሁ እያሻችሁ ወደ ጠርዝ ግፉት፤ እየተድበለበለ ራሱን በራሱ ይለቅማል። የቀረችውን ስስ ሽፋን አልኮል ያነሣታል። ከዚያ አዲስ ቁራጭ ቁረጡ፤ በዚያኑ ሰዓትም በማይጠፋ ቀለም ከሂት ሲንኩ ጎን "ቴፕ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ማሞቅ ይሁን ማቀዝቀዝ እንዳለበት እንዲያውቅ።